ሠላሳ ስድስት ሜትር

እንዳለው ካሳው ስሌቱን በእርሳስ ይሠራል፤ በላጲስ ግን አያጠፋም። ኮምፒውተር ያወጣለትን ቁጥር ከማመኑ በፊት በባለ ካሬ ደብተሩ ላይ በእጁ ያሰላዋል፤ ሲሳሳት በቁጥሩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምሮ ትክክለኛውን ከጎኑ ያስቀምጣል፤ ከሥሩም ቀኑን ይጽፋል። ኮምቦልቻ ሲማር ከአንድ መምህሩ የወሰደው ልማድ ነው፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው የሥራ ዘመኑ አንድ ቀን አላጎደለውም። ቆቦ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ ጥንቁቅ ሰው ይሉታል። ጥንቁቅ መሆኑ አይካድም። ሐቀኛ መሆኑን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር፤ እሱም ራሱን አልጠየቀም።

የተወለደው ከከተማው በስተምሥራቅ፣ የራያ ሜዳ ወደ ዞብል ተራሮች በሚጠጋበት ቆላ ነው። አባቱ ካሳው ልጁ ዳዴ ሳይል በወባ ስለሞተ ያሳደጉት አጎቱ ረዲ ናቸው። ረዲ ግመላቸውን ሸጠው አስተማሩት፤ ይህን ውለታ አንድ ቀን እንኳ በአፋቸው አንሥተው አያውቁም፤ ስላላነሡትም ይበልጥ ከበደው። ረዲ ከብዙ ዘመን በኋላ የወለዷት አንዲት ልጃቸው ኡሙሃኒ በእንዳለው ጀርባ ላይ ታዝላ ያደገች ናት። አድጋና ተድራ እንኳ «ወንድሜ» ከማለት በቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም።

ከቆቦ ወደዚያ መንደር የሚወስደው የጥንት የግመል መንገድ ሜዳውን አቋርጦ ከሄደ በኋላ የቡርቃን ጉብታ ይወጣል። ቡርቃ ከመንደሩ አፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ፣ ከፍታው እምብዛም የማያስደንቅ ኮረብታ ነው። አናቱ ላይ የመንደሩ መቃብር አለ። በአንድ ወገን ገደል ስላለበት መንገዱ ሌላ መሄጃ የለውም፤ በመቃብሮቹ መካከል፣ አንዳንዴም ድንጋያቸው በጠፋ መቃብሮች ላይ ያልፋል። የእንዳለው አባትም እዚያው፣ ከግራሩ በስተግራ ተቀብሯል።

በ2011 ዓ.ም. ያ መንገድ ለመኪና እንዲሠራ ሲወሰን ንድፉ በቆቦ የመንገድ ቢሮ መሐንዲስ ለሆነው ለእንዳለው ደረሰ።

የሥራውን ጠባይ በጥቂቱ መናገር ያስፈልጋል። መንገድ አቀበት ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ ጫፉ እንደ ጎጆ ክዳን ሹል ሆኖ አይተውም፤ ሁለቱን ተዳፋት የሚያያይዝ ለስላሳ ቅስት ይሠራለታል። መሐንዲሶች ቁመታዊ ኩርባ ይሉታል። የኩርባው ርዝመት እንዲያው በዓይን አይወሰንም። አቀበቱ ስንት በመቶ እንደሆነና ቁልቁለቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይደመራል፤ ድምሩ ደግሞ ለመንገዱ በታሰበው ፍጥነት ከሰንጠረዥ በሚወጣ ቁጥር ይባዛል። የዚያ ሁሉ ስሌት ዓላማ አንድ ነው፤ አቀበቱን የሚወጣ ሹፌር ከጉብታው ማዶ ያለውን ነገር ለመቆም በሚበቃው ርቀት ላይ ሆኖ እንዲያየው ማድረግ። ኩርባው ሲረዝም ጉብታው ይበልጥ ይቆረጣል፣ ዓይንም ይበልጥ ይከፈታል። ኩርባው ሲያጥር ቁፋሮው ይቀንሳል፤ ማዶው ግን ይሰወራል።

ቡርቃ ከከተማው በኩል አምስት በመቶ ይወጣል፤ ወደ መንደሩ አራት በመቶ ይወርዳል። ድምሩ ዘጠኝ ነው። መንገዱ የታሰበው በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ነበርና የሰንጠረዡ ቁጥር አሥራ አንድ ሆነ። እንዳለው በደብተሩ ላይ «99 ሜትር» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ጫፉ ላይ ምን ያህል እንደሚቆፈር አሰላ፤ አንድ ሜትር ከአሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር። ቁጥሩን ሲጽፍ አጥንት ትዝ አላለውም።

መንደሩን ግን አጥንቱ ወዲያው ትዝ አለው። የልኬት ችካሎቹ በተተከሉ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከቢሮው ደጃፍ ደረሱ። ከፊት ሼህ ሙህዲን ነበሩ፤ በዚያ አገር ደም ሲፈስ የሚያስታርቁ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሽማግሌ። ከኋላ ረዲ ቆመዋል። ሦስቱም እርጥብ ሳር ይዘዋል። በመጋቢት ቆላ ላይ እርጥብ ሳር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ከመስኖ ቦይ ጠርዝ ነጭተው፣ በውኃ በራሰ ጨርቅ ጠቅልለው በግመል ያመጡት ነው። ሳር ይዞ የመጣን ሽማግሌ ባዶ እጁን የሚመልስ ሰው በራያ ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚሰጠው አያገኝም።

«መንገዱን እንፈልገዋለን» አሉ ሼህ ሙህዲን ከተቀመጡ በኋላ። «ወላዶቻችን በቃሬዛ መሄድ ሰልችቷቸዋል። ግን አንድ ሜትር ትቆፍራላችሁ አሉን።»

«አንድ ሜትር ከአሥራ አንድ ነው፣ አባቴ።»

«አሥራ አንዷንም ቆጠርካት?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እንዳለውም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ረዲ ሳራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አኖሩና «አባትህ በስንት ሜትር ላይ ነው ያለው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እሱን አይነካውም፣ አያ። ከመንገዱ ይርቃል።»

«የእሱስ አባት? ድንጋይ የለውም። ግመሉም እግረኛውም በላዩ ነው የሚያልፈው። ስናልፍ እኛ ዱዓ እያደረግን እንረግጠዋለን፤ ያ ቆፋሪ መኪናችሁ ግን ዱዓ አያውቅም።»

«መመሪያ አለ፣ አያ። የእኔ ፈቃድ አይደለም።»

«መመሪያውን የምታነበው አንተ ነህ» አሉ ሼህ ሙህዲን በለሆሳስ። «እኛ ከዚህ አንነሣም። ሳሩ እስኪደርቅ እንጠብቃለን።»

ሳሩ አልደረቀም። እንዳለው ሰንጠረዡን ከመሳቢያው አወጣ። በዚያ ጉብታ ላይ ፍጥነቱ ስልሳ መሆኑ ቀርቶ አርባ ቢባል ቁጥሩ ከአሥራ አንድ ወደ አራት ይወርዳል። ዘጠኝ በአራት ሲባዛ ሠላሳ ስድስት። ቁፋሮውም አርባ ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ አርባ ሳንቲ ሜትር የአፈሩ ቆዳ ነው፤ ማንም ዘንድ አይደርስም። የፍጥነት ምልክት እስከ ተተከለ ድረስ መመሪያው ይህን ይፈቅዳል። ሁሉም ልክ ነበር። ደብተሩን ሳበና በዘጠና ዘጠኝ ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረ፤ ከጎኑ «36 ሜትር» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ ቀኑን አሰፈረ። ዘጠና ዘጠኝ ስሕተት አልነበረም። እሱ ግን ስሕተት በሚሰርዝበት መስመር ሰረዘው።

ያን ቀን እንዳለው የፈራው ምን እንደነበር ራሱ በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ሙታንን አልፈራም። ከመንደሩ ጋር መኮራረፍን፣ የረዲን ፊት ማጣትን ነው የፈራው። ለሽማግሌዎቹ «መኪና በዚያ ጉብታ ላይ ዓይን አይኖረውም፤ ከሙታናችሁ ወይ ከሕያዋኖቻችሁ አንዱን ምረጡ» ሊላቸው ይችል ነበር። ያን ቢላቸው ምናልባት እነሱ ራሳቸው አጥንቶቹን በክብር ያፈልሱ ነበር፤ ቀደም ባሉ ዓመታት ጎርፍ የበላውን መቃብር እንዲሁ አፍልሰዋልና። አላላቸውም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ለማያውቁት ሰዎች ምርጫውን ሳያሳይ መረጠላቸው።

መንገዱ በ2012 ተሠራ። ጉብታው ግርጌ «40» የሚል ክብ ምልክት በብረት ምሰሶ ላይ ቆመ። መንደሩ መኪና ገባለት፤ ወላዶች ከቃሬዛ ተገላገሉ። እንዳለው ለዒድ ሲሄድ ረዲ በሰው ፊት «የኛ ልጅ» ብለው ጠሩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቢሮው ተዘረፈ፤ የንድፉ ወረቀት ከሌላው ወረቀት ጋር ተበታትኖ ጠፋ። የቀረው እንዳለው ከሸሸበት ቤት ወደ ቤት ይዞት የዞረው ደብተር ብቻ ነው። ሁሉ ነገር ሲረጋ ወደ መንደሩ የሄደ ቀን ምልክቱን አላገኘውም። ቆርቆሮውን አንዱ ነቅሎት ሄዷል፤ ባዶ ምሰሶው ቆሟል፤ አንዲት ፍየል ታስራበታለች። «ምልክቱ እንዲተካ ደብዳቤ መጻፍ አለብኝ» አለ በልቡ። ደብዳቤው ሲጻፍ ለምን እዚያ ቦታ ላይ አርባ ሆነ የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ምሰሶ ሥር ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቆጥሮ አያውቅም፤ ሁሉን የሚቆጥረው ሰው ይህን አልቆጠረም።

በ2016 ኅዳር፣ ማሽላ በሚታጨድበት ወቅት፣ ኡሙሃኒ አገዳ ተሸክማ ከእርሻ ትመለስ ነበር። ጉብታውን አልፋ ወደ መንደሩ ጥቂት እንደወረደች የሸክሟ ገመድ ተበጠሰ። አገዳው መንገዱ ላይ ተበተነ። ጎንበስ ብላ እየሰበሰበች ሳለ የጎብዬው ሹፌር ይሁኔ ማሽላ ሊጭን ባዶ የጭነት መኪናውን እየነዳ ከከተማው በኩል አቀበቱን ወጣ።

ይሁኔ አልሸሸም። ፍሬን ይዞ የቆመው ካለፋት በኋላ ነው፤ ወርዶ አነሣትና መኪናው ውስጥ አስገብቶ ወደ ቆቦ ከነፈ። ከሜዳው መሐል ሲደርሱ አረፈች። እሱ ግን ሐኪም ቤት ድረስ ወስዷት፣ ከዚያም በደም የተነከረ ልብሱን ሳይቀይር ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ።

እንዳለው ለቀብሩ ቡርቃ ወጣ። ኡሙሃኒን የቀበሯት ከመንገዱ ጠርዝ ሦስት ሜትር ያህል ርቆ፣ ቦታ በተገኘበት በኩል ነው። ሰው ሁሉ አፈር ሲመልስ እሱ ወደ መንገዱ ዞሮ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቦታ ሆኖ አቀበቱን ማየት አልቻለም። መኪናም ሲመጣ የሚሰማው ድምፁ ነው፤ መኪናው አይታይም።

በሦስተኛው ሳምንት የይሁኔ ታላቅ ወንድም አብርሃም ቢሮው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ገበያ ለገበያ ሽንኩርት የሚነግድ ሰው ነው።

«እግዜር ያጽናችሁ ብዬ ነው የምጀምረው» አለ። «እኅትህ ናት አሉኝ።»

«ናት።»

«ወንድሜ ውሸት አያውቅም አልልህም። ሚስቱ ብትሰማ ትስቅብኛለች። በዚህ ግን አልዋሸም። ብቅ ስል ከፊቴ ነበረች ነው የሚለው። ጎንበስ ብላ።»

«በስንት ይነዳ ነበር?»

«በስልሳ። እሱንም አልካደም።»

«ቦታው አርባ ነው።»

«የት ተጽፏል?»

እንዳለው በጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከለ።

«ምሰሶውን አየሁት» አለ አብርሃም። «ፍየል ታስራበታለች። ፍየሏ ናት አርባ የምትለው?» ቀልዱ ራሱንም አላሳቀውም። «አንተ የመንገዱ ሰው ነህ። ባለደም ሆነህ ሳይሆን እንደ አዋቂ ሆነህ ንገረኝ። ያ ጉብታ ልክ ነው?»

«ለተመደበለት ፍጥነት ልክ ነው።»

አብርሃም ይህችን ቃል ጥቂት አሰባት። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወጣ፤ እሺታው ግን የተረዳ ሰው እሺታ አልነበረም፤ በማያውቀው ቋንቋ እንደተፈረደበት ሰው ነው የወጣው።

ትራፊክ ፖሊስም ጥያቄውን በደብዳቤ አቀረበ፤ የመንገዱ አሠራር ለአደጋው አስተዋጽኦ ነበረውን? መልሱን የሚያዘጋጀው እንዳለው ነበር። ቤቱ ቁጭ ብሎ ረቂቁን ጻፈ። ሚስቱ ሳሊሀ፣ አንደኛ ደረጃ የምታስተምር ሴት፣ ከትከሻው በላይ ሆና አነበበችው።

«“ኩርባው ለተመደበለት የፍጥነት ወሰን በመመሪያው የተጠየቀውን ርዝመት ያሟላል።” ይህ ምን ማለት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እውነት ነው ወይ አላልኩህም። ምን ማለት ነው?»

«መንገዱ ጥፋት የለበትም ማለት ነው።»

«የለበትም?»

«ሳሊሀ፣ ፖሊስ መልሱን ይጠብቃል፤ ልጨርሰው።»

እሷም ተወችው። በዚያ ኩርባ ላይ ከጉብታው ማዶ የጎነበሰን ሰው ሹፌር የሚያየው ሃምሳ አምስት ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። በስልሳ የሚነዳ መኪና ለመቆም ሰማንያ አምስት ይፈልጋል። እንዳለው ሁለቱንም ቁጥሮች ያውቅ ነበር። ከደብዳቤው ውስጥ አንዱም አልገባም። ምሰሶው ባዶ መሆኑም አልተጻፈም፤ የተጠየቀው ስለ ኩርባው ነውና። በዚያ ወረቀት ላይ አንዲት ሐሰተኛ ቃል ብትፈለግ አትገኝም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከተራ ውሸት የከፋ ነው፤ ውሸታም ቢያንስ እንደሚዋሽ ያውቃል፤ እውነትን መርጦ የሚሰፋ ሰው ግን ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይተኛል። እንዳለውም ለራሱ የሚያጽናና ምክንያት አላጣም። እውነቱን ቢናገር፣ ረዲ በገዛ እጃቸው ይዘውት የመጡት ሳር ልጃቸውን እንደገደለ ያውቃሉ። ሽማግሌውን ከዚህ ማዳን ርኅራኄ መስሎ ታየው። ርኅራኄው ግን እሱን ራሱን ማዳኑ፣ ይሁኔን ደግሞ መቅበሩ ለምን እንደሆነ አልመረመረም።

በጥር የይሁኔ ዘመዶች ከጎብዬ መጡ። የመጡት በራያ ሥርዓት፣ እርጥብ ሳር ይዘው፣ ከመንደሩ ዳር ርቀው ቆመው ነው። የባለደሞቹ ወገን በሾላው ሥር ተቀመጠ፤ ረዲ በመሐል፣ እንዳለው ከጎናቸው። ሼህ ሙህዲን ጉዳዩን አደመጡ። ሹፌሩ አስቦ አለመግደሉ፣ አለመሸሹ፣ ማንሣቱ ተነገረ። አብርሃም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቅርታ ለመነ።

ዕርቅ ከመታሰሩ በፊት አንድ የማይዘለል ጥያቄ አለ። ሽማግሌው ቆመው ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ከታሰረ በኋላ የሚከፍተው ሰው በመንደሩ ዘንድ የተረገመ ነው።

«በዚህ ደም ውስጥ የተሰወረ ያለ፣ የሚያውቅ ይናገር» አሉ ሼህ ሙህዲን።

እንዳለው መሬቱን ይመለከት ነበር።

«በዚህ ደም ውስጥ የተሰወረ ያለ፣ የሚያውቅ ይናገር።»

አብርሃም ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ የልመናም የቁጣም አልነበረም፤ ዝም ብሎ አየው። የእንዳለው ጉልበት ሊነሣ ሲል ተንቀሳቀሰ። በዚያችው ቅጽበት የረዲ እጅ በጉልበቱ ላይ አረፈች። የሽማግሌ እጅ ናት፤ ደረቅና ቀላል። ግን ተጫነችው።

«በዚህ ደም ውስጥ የተሰወረ ያለ፣ የሚያውቅ ይናገር» አሉ ሼህ ሙህዲን ለሦስተኛ ጊዜ።

የረዲ እጅ አልተነሣችም። እንዳለውም አልተነሣም። ዕርቁ ታሰረ፤ ሰዎች ተሳሳሙ፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ በላ። ከወር በኋላ ፍርድ ቤቱ የመንገዱን ቢሮ ደብዳቤ ከማስረጃ ቆጥሮ፣ ይሁኔ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ነድቷል ብሎ አራት ዓመት ፈረደበት።

ዓመቱን ሙሉ ረዲ ይህን ነገር አላነሡም። እንዳለውም ለመንደሩ ጀርባውን ሰጠ፤ ለዒድ እንኳ ሥራ አለኝ ብሎ ቀረ።

በ2017 ጥር አንድ ባጃጅ ከቡርቃ ጉብታ ላይ ከአንድ የግመል መንጋ ጋር ተጋጨ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ሁለት ግመል ሞተ፤ የሹፌሩም እግር ተሰበረ። አደጋው ሁለተኛ በመሆኑ ጉብታው እንዲጠናና እንዲስተካከል ትእዛዝ መጣ። ትእዛዙ ዞሮ ዞሮ የወደቀው እንዳለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በሁለተኛው ቀን ረዲ መጡ። ብቻቸውን ናቸው። ሳር አልያዙም።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ «ያችን ደብተርህን አምጣት» አሉ።

እንዳለው ከመሳቢያው አውጥቶ ገጹን ገልጦ ሰጣቸው። ረዲ ፊደል አያነቡም፤ ቁጥር ግን ግመል ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ ናቸውና ያነባሉ። ጣታቸውን በተሰረዘው ላይ አኖሩ።

«ዘጠና ዘጠኝ» አሉ። «ይቺ መስመር መቼ ተሰመረች?»

«ሳር ይዛችሁ የመጣችሁ ቀን።»

«እኛ ከመምጣታችን በፊት ዘጠና ዘጠኝ ነበረ።»

«ነበረ።»

«ዘጠና ዘጠኝ ቢሆን ያ ልጅ ያያት ነበር?»

«ያያት ነበር፣ አያ። ለመቆምም ይበቃዋል።»

ረዲ ጣታቸውን ከገጹ ላይ አነሡ። «ያን ዕለት ጉልበትህን የያዝኩት ለምን ይመስልሃል?»

«እንዳልናገር።»

«አይደለም። እኔ እንዳልሰማ ነው።»

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ሮቢት፣ ሮቢት» እያለ ይጣራል። ረዲ ደብተሩን ዘጉና መልሰው ሰጡት።

«አሁንስ ስንት ይሆናል?»

«ዘጠና ዘጠኝ።»

«ኡሙሃኒስ?»

እንዳለው አስቀድሞ አስልቶት ነበር። ቁፋሮው ሲወርድ ጠርዙ ይሰፋል፤ ቦይም ይጨመርበታል። «ከቁፋሮው ውስጥ ትገባለች» አለ። «መነሣት አለባት።»

«የዚያ ልጅ እስርስ?»

«ይህን ከጻፍኩ የቀድሞው ደብዳቤዬ ይፈርሳል።»

«ደብዳቤው ነው የሚፈርሰው?»

«እኔም።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። እንዳለው አንድ ቃል ጠበቀ፤ ጻፍ ወይም አትጻፍ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው እንዲወስንለት የለመደ ሰው ነውና አሁንም ጠበቀ። ረዲ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው አዩትና ምንም ሳይሉ ሄዱ። ከቆቦ እስከ መንደራቸው ያን ቀን ባጃጅ አልተሳፈሩም፤ በእግራቸው ነው የተመለሱት ይባላል።

እንዳለው ሳምንት ሙሉ አልጻፈም። በስምንተኛው ቀን ጻፈ። በሠላሳ ስድስት ላይ አንድ ቀጭን መስመር አስምሮ ከጎኑ ዘጠና ዘጠኝን መለሰ፤ ቀኑንም ከሥሩ አኖረ። ከዚያ ለፖሊስና ለፍርድ ቤቱ ሌላ ደብዳቤ አዘጋጀ፤ ኩርባው ለምን እንዳጠረ፣ ማን እንዳሳጠረው፣ ምሰሶው ከመቼ ጀምሮ ባዶ እንደነበርና እሱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ። ሃምሳ አምስትና ሰማንያ አምስትን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የሽማግሌዎቹን ስም አልጠቀሰም። ሳሊሀ አነበበችውና «ይኼኛው ገብቶኛል» አለች።

ይህን በማድረጉ ሊመሰገን የሚገባው አይመስለኝም። ዕዳ ያለበት ሰው፣ ያውም ዕዳውን ሌላው በወኅኒ እየከፈለለት፣ ከአሥራ አራት ወር በኋላ አምኖ ቢቀበል ተግባሩ የሚጠራበት ትልቅ ስም የለም። በጊዜው ቢሆን አንዲት ቃል ይበቃ ነበር፤ ዘግይቶ ሲመጣ ሁለት ደብዳቤና አንድ ደብተር አልበቁትም። እንዳለው ከሥራው ታግዷል፤ ጉዳዩ ይጣራል ተብሏል። ሼህ ሙህዲን የታሰረ ዕርቅ ፈትቷል ብለው ከደጃቸው አያስደርሱትም። አብርሃም አንድ ቀን ገበያ መሐል አግኝቶት ቆሞ አየው፤ ሰላም አላለውም፤ አልሰደበውምም። የይሁኔ ይግባኝ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ተላልፏል፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ዳኛም ጠበቃም አይመጣም።

የጉብታው ሥራም አልተጀመረም። መንደሩ ኡሙሃኒን ያንሣ ወይስ አያንሣ በሚለው ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ረዲ ሲጠየቁ አይመልሱም።

እንዳለው አንድ ቀን ቆርቆሮ ገዝቶ ክብ አስቆረጠ፤ ነጭ ቀባውና በቀይ ክብ ውስጥ በገዛ እጁ «40» ብሎ ጻፈበት። ይዞት ሄዶ በባዶው ምሰሶ ላይ በሽቦ አሰረው። ፍየሏ እዚያው ነበረች። ከምሰሶው ሥር ቆሞ ሦስት መኪናዎች ሲወጡ ተመለከተ። ሁለቱ ምልክቱን ያዩ አይመስልም። ሦስተኛው ቀዝቀዝ ካለ በኋላ እንደገና ነዳጅ ሰጠና ከጉብታው ማዶ ተሰወረ፤ ድምፁ ብቻ ትንሽ ቆየ።

የቡርቃ ኩርባ እስከ ዛሬ ሠላሳ ስድስት ሜትር ነው።